ጠመንጃ ያደረበት የመርገም ጎጆ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ቤት ወጥቼ ወደ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቁልቁል ስወርድ፣ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ እግሬ ተገትሮ ቀረ። ባለሙያው የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ሲነክረው «ችስስ» አለና ያ ሽታ ወጣ። ያ ሽታ! የብረት፣ የእንፋሎትና የከሰል ሽታ አንድ ላይ! ልቤ እንደ ኮረዳ ልብ መዝለል ጀመረ። «እማማ፣ ምን ልታዘዝ? በር ነው የሚያሠሩት?» አለኝ ሰውየው። «በርስ አለኝ ልጄ፤ እስቲ አንዴ ድገመው» አልኩት። ሳቀና ሌላ ብረት አግሎ ነከረልኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። የልጅ ልጆቼን እየያዝኩ ስለ አባቴ ስለ ተገኝ፣ ስለ እናቴ ስለ ትርንጎ፣ በጣሊያን ጊዜ ስላሳለፍናት ስለዚያች ቅዳሜ ስነግራቸው ሰነበትኩ። በመጨረሻ «እንግዲያው ይጻፉት!» አሉኝ። ይኸው።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ሰው ሌላ ሌላ ስም ሲያወጣልን ኖሯል፤ ራሳችንን የምንጠራው ግን እንዲህ ነው። አያቶቼ ጣናን ዞረው ከጎንደር ወገን ሥራ ፍለጋ መጡና ከሮብ ገበያ ማዶ፣ ከጮቄ ሥር፣ አንዲት ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ወንዝ ዳር የሰፈሩት ለውበቱ አይደለም፤ ሕጋችን ብዙ ውኃ ስለሚፈልግ ነው። ሬሳ የነካ ይታጠባል፣ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የተነካካ ይታጠባል፣ ለሰንበት ደግሞ ሁሉም ይታጠባል። ርስት ስላልነበረን ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። የዚያ አገር ገበሬ የሚያርሰው በአባቴ ማረሻ ነበር፤ ሚስቱ ውኃ የምትቀዳው በእናቴ እንስራ። ከእኛ ገዝቶ ይሄድና ማታ ልጁን ሆዱን ሲቆርጠው «ቡዳዎቹ በሉት» ይላል። በማግስቱ ደግሞ ማጭዱን ሊያስል ይመጣል። አባቴም ስሎ ይሰጠዋል። እንዲህ ነበር የምንኖረው፤ ተጎራብተን፣ ተፈራርተን፣ ተፈላልገን።

የረቡዑ ገበያ እንዴት ያለ ገበያ ነበር! እናቴ እንስራና ጋኗን በገለባ ጠቅጥቃ ታዘልቀዋለች። አንድ እንስራ በአንድ አሞሌ ጨው ይሄዳል፤ ትልቅ ጋን ሲሸጥ አላድ፣ የጠገራ ብር ግማሽ፣ ይገኝበታል። ጠገራ ብር የያዘች ሴት ካረማመዷ ትታወቃለች። ጣሊያን ሲገባ ሊሬ የሚሉት ወረቀት መጣ። እናቴ አንዱን አገላብጣ አየችውና «ዝናብ ቢመታው ምን ይቀረኛል?» ብላ መለሰችው። ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬው አያልቅም። አንዱ ጣሊያን ጥግ ላይ ቡና ቤት ከፍቶ የሚዘፍን ሸክላ ያዞራል አሉ፤ ሴቶቻቸው ጉልበት ላይ የሚቀር ቀሚስ ይለብሳሉ አሉ፤ ካሚዮኑ መንገዱን አቧራ አልብሶታል አሉ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ታጭቻለሁ። እኛም ሸክላ እንሠራለን፣ የእኛ ሸክላ ግን አይዘፍንም! ያንን የሚዘፍነውን ልሰማ ሞቼ ነበር። ለሠርጌ የተገዛልኝ አቡጀዴ ሙጫው ገና ያልለቀቀው ነጭ ጨርቅ ነበር፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። በየቀኑ አውጥቼ እያሸተትኩ እመልሰው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በየወሩ ልብስ ይገዛሉ፣ ግን ሲያሸቱት አይቼ አላውቅም።

ከገበያውም ከአቡጀዴውም በላይ የምወደው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ «ካንግ፣ ካንግ» ሲል የሰነበተው የአባቴ መዶሻ በድንገት ዝም ይላል። ያ ዝምታ ራሱ ደወላችን ነው። ወንዶቹ ጥላሸታቸውን በወንዝ አስለቅቀው ጸጉራቸው እየተንጠባጠበ ይመጣሉ። ሴቶቹ ወፍራሙን የሰንበት ዳቦ ከምድጃ ያወጣሉ። ከዚያ በየቤቱ እሳት ይጠፋል። ከዓርብ ጀምበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይነድም፣ ውኃ አይቀዳም፣ ወንዝ አይሻገሩም፣ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ወደ ጸሎት ቤታችን እንሄዳለን፤ መስጊድ እንለው ነበር። ቄስ መንግሥቱ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ በአማርኛ ይተረጉሙልናል። ደግሞ «ሰንበት ደረሰ» አንልም፤ «ገባች» ነው የምንለው፣ እንደ ሙሽራ። እኔማ ልጅ ሆኜ በየትኛው በር እንደምትገባ ለማየት ደጅ ደጁን እቃኝ ነበር!

በዚያች ዓርብ ግን ሰንበትን የተቀበልኳት ከመርገም ጎጆ ሆኜ ነው። በሕጋችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ከመንደሩ ዳር ባለች ትንሽ ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። ጎጆዋን ድንጋይ ዙሪያዋን ይከባታል፤ ከድንጋዩ ወዲህ እሷ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ሰው። ምግቧን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡላታል። ማንም አይነካትም፣ እሷም ማንንም አትነካም። በሰባተኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ገላዋንም ልብሷንም ወንዝ ታጥባ ትመለሳለች። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ «ጭካኔ ነው!» ብለው ይጮሁብኛል። እኔ አልከራከራቸውም። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ግን፣ እኔ እንቅልፌን የምጠግበው እዚያ ነበር። ጭቃ አይረገጥ፣ እንጨት አይለቀም!

ጀምበሯ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ከላይ ከጫካው ሦስት ሰዎች እየሮጡ ወረዱ። ሁለቱ በሌጦ የተጠቀለለ ሸክም ተሸክመዋል። ከፊት ያለው ጎፈሬው እንደ ጃንጥላ የተንዠረገገ ረጅም ሰው ነው፤ ባላምባራስ አድማሱ። ስሙን የማያውቅ አልነበረም፤ በጮቄ ጫካ ጣሊያንን መቆሚያ ያሳጣ አርበኛ ነው። የእኔ ጎጆና የአባቴ ወናፍ ቤት ሁለቱም መንደሩ ዳር ስለነበሩ ሁሉን አየሁ፣ ሁሉን ሰማሁ።

«ተገኝ ቀጥቃጭ ማነው?» አለ ባላምባራስ።

አባቴ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ብቅ አለ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። እባክዎ ከዚያው ይቁሙ፤ ለሰንበት ታጥቤያለሁ።»

አባቴ እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ይላል። አንደኛው ተሸካሚ ደግሞ የቡዳ ዓይን እንዳያርፍበት ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል። ሁለቱ እኩል ሲሸሻሹ አይቼ በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቄ አመለጠኝ።

«ጠመንጃዎቼ ተሰባብረዋል» አለ ባላምባራስ። «የዚህ መርፌው ተቆርጧል፣ የዚያ ምላጩ ላልቷል። ጣሊያን እሁድ በዚህ መሻገሪያ ያልፋል፤ ማዶ ያሉትን መንደሮች ሊያቃጥል ነው፣ ከብቱን ሊነዳ ነው። ወንዙ ላይ ካላስቀረሁት አለቀልን። እሳትህን አንድድ!»

«እሳቴ ጠፍቷል ጌታዬ። ሰንበት ልትገባ ነው።»

«ምን ሰንበት! እኛስ ቀዳሚትን አናከብርም እንዴ? ጦር ሲመጣ ግን እግዜርም ያውቃል!»

«እርስዎ በሕግዎ፣ እኔ በሕጌ ነው የምናድረው። ሌላ ቀን ቢሆን እጄ እስኪላጥ እሠራልዎታለሁ።»

ባላምባራስ ሽጉጡን መዘዘ። «ብገድልህስ?»

አባቴ ከቆመበት አልተነቃነቀም። የመለሰችው እናቴ ናት። ከቤቷ በር ሆና፣ ዳቦውን ታቅፋ፣ «ይግደሉት! ከዚያ እሁድ ጠመንጃውን ማን ሊሠራልዎት ነው? እኔ በጭቃ ልሥራልዎት?» ብላ ጮኸችበት።

ባላምባራስ አያት፤ ሽጉጡን አየ። ከዚያ ያ ሁሉ ጎፈሬ እየተርገፈገፈ ሳቀ! በዚህ መሐል ቄስ መንግሥቱ ከመስጊዱ ደረሱ። ነገሩን ሰምተው ጀምበሯን ቀና ብለው አዩና፣ «ነገ ማታ ከዋክብት ሲታዩ ሰንበት ትወጣለች» አሉት። «ያኔ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ይቀጠቅጣል፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ ወናፍ ይነፋል። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ጠመንጃህን ትወስዳለህ። ከዚህ ቃል ብወጣ የኦሪት አምላክ ይፍረድብኝ።»

ባላምባራስ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ። «መልካም። ግን ይህን ሸክም ይዤ ዳግም ጫካ አልወጣም፤ ባንዳው መንገዱን ሁሉ ይዞታል። ከእናንተ ዘንድ ይደር።»

«የት?» አለ አባቴ። «ቤታችንን ሁሉ ይበረብሩታል።»

እናቴ ዳቦውን እንዳቀፈች ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ተከትለዋት ዞሩ። «ተዋበች ጋ!» አለች።

ቄስ መንግሥቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡ ጀምበሯ የጥፍር ያህል ቀርታለች። «እንግዲያው ፈጠን በሉ! ሳትጠልቅ!» አሉ። ተሸካሚዎቹ ሮጠው ሸክሙን ድንጋዩ ላይ ጥለው ሸሹ። ከዚያ ወዲህ የሚሻገር ሰው የለም፤ ሥራው የእኔ ብቻ ሆነ። ሌጦውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩ። ኧረ ክብደቱ! ጠመንጃው እርስ በርሱ ይንጋጋል፣ እኔ እንደ በሬ አቃስታለሁ፣ እናቴ ከወዲያ «በርቺ! በርቺ!» ትላለች። አስገብቼ የመኝታዬን ጭድ ከላዩ ስዘረጋ ጀምበር ጠለቀች። ከመስጊዱ የቄስ መንግሥቱ ዜማ ተሰማ። ሰንበት ገባች።

ቅዳሜን ጠመንጃ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አንዱ ሰደፍ ጎኔን ይወጋኛል፣ ብዞር ሌላው አፈሙዝ ይጠብቀኛል። መንደሩ ጸጥ ብሏል። ጭስ የለ፣ ሙቀጫ የለ፣ መዶሻ የለ። ሰው ሁሉ መስጊድ ነው። ባላምባራስና ሰዎቹ ላይ ጫካው ውስጥ አድፍጠዋል። እኩለ ቀን ላይ ውሾቹ ጮኹ። በጭድ ግድግዳው ስንጥቅ ባይ፣ ከታች በወንዙ በኩል አንድ የጣሊያን መኮንን በበቅሎ፣ ከኋላው አስካሪ የሚባሉት የአገሬው ወታደሮቹ፣ ከፊት ደግሞ መንገድ መሪው ባንዳ ደምሴ። ደምሴን በደንብ አውቀዋለሁ። የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ማረሻውን የሚያሠራው እኛ ዘንድ ነበር።

መኮንኑ በቀጥታ ወደ አባቴ ወናፍ ቤት ገባ። ቀጥቃጮቹ ለአርበኛ ጠመንጃ ይሠራሉ የሚል ወሬ እንደደረሰው ያስታውቃል፤ ጓንቱን አወለቀና መዳፉን አመዱ ውስጥ ከተተ። አመዱ ቀዝቃዛ ነው። መዶሻውን ነካ፤ እሱም ቀዝቃዛ። አባቴና ቄስ መንግሥቱ ከመስጊዱ ወጥተው ነጭ እንደለበሱ ቆመዋል። ደምሴ በተሰባበረ ጣሊያንኛና በእጁ ጭምር ያስረዳል፤ ወደ ሰማይ ያሳያል፣ ወደ ምድጃው ያሳያል፣ እጁን ያወናጭፋል። ቅዳሜ እሳት አይነኩም ማለቱ ነው። እስቲ አስቡት! ያን ዕለት መዶሻው ሲጮህ ቢሰሙ ኖሮ፣ አንዲት ፍም እንኳ አመዱ ሥር ቢያገኙ ኖሮ፣ አባቴ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበር የሚቀረው።

አስካሪዎቹ ቤት ለቤት በረበሩ። የእናቴን አዲስ ጋኖች በጫማቸው እየረገጡ ሰበሩ። ስብርባሪው ሲንኮታኮት እኔም አብሬ የተሰበርኩ መሰለኝ። ምንም ሲያጡ መኮንኑ በቅሎው ላይ ሊወጣ ዞረና ጎጆዬን አያት። ጣቱን ቀሰረ። ደምሴ ራሱን ወዘወዘ። መኮንኑ ግን መጣ። ድንጋዩ ጋ ደረሰና አንድ እግሩን አሻገረ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ተነሣሁ። በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ጸጉሬ ተፈቷል፣ ጭድ ተሰክቶበታል፣ የለበስኩት የጎጆዋን አሮጌ ቀሚስ ነው። ሁለት እጄን ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ወደ እነሱ ሄድኩ። አስካሪዎቹ ንብ እንደነደፋቸው ወደ ኋላ ሸሹ፤ የአገሩ ሰው ስለሆኑ ያቺ ጎጆ ምን እንደሆነች ያውቃሉ፣ በዚያ ላይ እኔን ቡዳ ናት ብለው ይፈሩኛል። መኮንኑ ብቻ ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ ሲሸሹ ግራ ገባውና ወደ ደምሴ ዞረ።

ደምሴ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ «ማላታ! ማላታ!» ብሎ ጮኸ። መኮንኑ እግሩን ከድንጋዩ ወዲያ መለሰ፤ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። በቅሎው ላይ ሲወጣ ርካቡን ሁለት ጊዜ ሳተው። በመጡበት ወንዝ ተመልሰው ሄዱ።

ቃሉ የታመመች ማለት እንደሆነ የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ደምሴ መርገሙን የሚገልጽበት ጣሊያንኛ አጥቶ ነው እንዲህ ያለው ወይስ አውቆ ሊያድነን? አሁንም ድረስ አላወቅሁትም። እሱን ለመጠየቅ አልታደልኩም፤ ጣሊያን ሳይወጣ ሞተ። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሚስቱ ገበያ ላይ ስትመጣ ዋጋ አትከራከራትም ነበር።

ያን ማታ ኮከብ ስንጠብቅ ብታዩን! ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ አንገቱን አቅንቷል። «ያችውና!» ትላለች አንዷ። «እሱ የማዶ ገበሬ እሳት ነው» ይላል ሌላው። ቄስ መንግሥቱ «ወጣች!» ሲሉ እሳቱ ተጫረ። ሸክሙን መልሼ እየጎተትኩ ድንጋዩ ላይ አወጣሁት። ባላምባራስ ከጫካ ወርዶ ደርሷል። አባቴ ግን ጠመንጃዎቹን ከመንካቱ በፊት በረጅም ጉጠት እያነሣ ብረቱን ከሰደፉ ለየና ሰደፉን ወንዝ ነከረው።

«ኧረ ተው! ጠመንጃ ውኃ ትነክራለህ?» ባላምባራስ ራሱን ይዞ ጮኸ።

«እንጨቱን ብቻ ነው ጌታዬ። መርገም ጎጆ ያደረ ነገር ሳይነጻ አይነካም። ብረቱ እሳት ያያል፤ በኦሪት ያ ይበቃዋል።»

«ከአንተ ሕግ ጋርስ እኔ አልችልም!» አለና ወናፉ አጠገብ ተቀመጠ። ጋቢውን ተሸፋፍኖ የነበረው ተሸካሚ ሳይቀር ሲያይ ሲያይ ቆይቶ ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ፤ ወናፍም ያዘ። እኔ ከጎጆዬ ሆኜ አዳመጥኩ። ያ «ካንግ፣ ካንግ»! አንድ መዶሻ አይደለም፣ የመንደሩ መዶሻ ሁሉ። ያ «ችስስ» የሚለው! እስኪነጋ ድረስ እጄ ጭኔ ላይ አብሮ ሲመታ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ባላምባራስ ጠመንጃውን አንድ በአንድ ሞክሮ ተቀበለ። ደስታው ልክ አጣና አባቴን ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። አባቴ ወደ ኋላ ፈንጠር አለ። ባላምባራስ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ሳቀና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። ባላባት ለቀጥቃጭ እጅ ሲነሣ እኔ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ረፋዱ ላይ ከመሻገሪያው በኩል ተኩስ ተሰማ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ጸለዩ። ተኩሱ ወዲያ ራቀ፣ ወዲህ ቀረበ፣ ከዚያ ወደ ማርቆስ መንገድ እየሸሸ ሄዶ ጠፋ። ማታ የማዶዎቹ መንደሮች ጭስ ሲወጣ አየን፤ የራት ጭስ ነው፣ የቃጠሎ አይደለም። በሳምንቱ ሮብ ገበያ ላይ ጎረምሶቹ ባላምባራስ የፎከረውን እየተቀባበሉ ሲሉ እናቴ ሰምታ መጣች፦

ቅዳሜ ያረፈው የተገኝ መዶሻ፣
እሁድ ለጣሊያን ሆነው መጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ አርበኞቹ ሥራ ሲልኩ «ቅዳሜን ሳይጨምር» እያሉ ነበር። «ቡዳ» ማለታቸውን ጨርሰው አልተዉትም፤ ውሸት አልጽፍም። ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚሉት።

የእኔ ሰባት ቀን የሞላው ማክሰኞ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ወንዝ ወረድኩ። ውኃው የጮቄ ውኃ ነው፣ አጥንት ይሰብራል። ጭዱን ከጸጉሬ አስለቀቅሁ፣ የጠመንጃ ዘይቱን ከክንዴ ፈተግሁ፣ ሦስቴ ብቅ ጥልቅ አልኩ። ስወጣ እናቴ ያንን የሠርጌን አቡጀዴ ይዛ ቆማለች! «ለሠርግሽ ሌላ እንገዛለን» አለችኝ። ለበስኩትና እየተንኮሻኮሽኩ ሽቅብ ወጣሁ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የድንጋዩን ክብ አልፌ፣ ወናፍ ቤቱን አልፌ፣ ቤታችን ደጅ ደረስኩ። አባቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ ሽጉጥ ሲደቀንበት ያልተንቀሳቀሰ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣ፤ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «የእስራኤል አምላክ ይባርክሽ» አለኝ። ከዚያ ከጸጉሬ የቀረች አንዲት ጭድ ነቅሎ በጣቶቹ መሐል ያዛት።

እናቴ ከውስጥ «ኧረ ግቡ እናንተ! ወጡ ትኩስ ነው!» እያለች ትጮኻለች።